ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ማንገቻ

ወይዘሮ አሰለፈች ሀብተሚካኤል ስምንት ዓመት ሙሉ የጠላቷን ሸሚዝ ተኮሰች፤ ጫማውን ጠረገች፤ ምሳውን አቀረበች። ችግር አስገድዷት ብቻ አልነበረም። ሌላ ቤት፣ ሕፃናት የሚስቁበትና ሥራውም ቀለል ያለ ቤት፣ ሁለት ጊዜ ተገኝቶላት እንቢ ብላለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የቤት ሠራተኛ ሁሉ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ሮማ መካከል ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በሚባለው አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚሰበሰቡ የአገሯ ልጆች፣ "አሎራ፣ እንግዲህ እትዬ አሰለፈች፣ ሠርጉ መቼ ነው? ሽማግሌውን ሳታገቢው አትወጪም መሰለኝ!" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እርሷም አብራቸው ትስቃለች እንጂ መልስ አትሰጥም። ልታገባው አልነበረም፤ ልትበቀለው ነበር።

ሽማግሌው ኮሎኔል ኦሬስቴ ቫልካርቺ ይባላል። በጥር ወር ፲፱፻፳፱ ዓመተ ምሕረት፣ ገና መቶ አለቃ ሳለ፣ በመንዝ የቀጨማ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለው እርሱ ነው። የአሰለፈች አባት መሪጌታ ሀብተሚካኤል ከሁለት ዲያቆናት ጋር ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ከደብሩ ጋር አብረው ነደዱ። አሰለፈች ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከእናቷ ጋር ገደል ሥር ተደብቃ ጢሱን አይታለች፤ ጢሱም ሳይወፍር የአባቷን ድምፅ ሰምታለች። እናቷ የመኰንኑን ስም ከአስተርጓሚው አፍ ለቅማ ነበርና፣ "ኦሬስቴ ቫልካርቺ በዪ፤ ድገሚው" እያለች ከጸሎቷ ጋር አስጠናቻት።

ዘመን አልፎ፣ አሰለፈች ለቤት ሥራ ወደ ሮማ በመጣች በሦስተኛው ዓመት፣ ሥራ የሚያገናኙ የካቶሊክ ደናግል ዘንድ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ያ ስም ከዝርዝር ውስጥ ተነበበ። የተጠራችው ሌላ ሴት ነበረች። አሰለፈች ግን "እኔ እሄዳለሁ" ብላ ተነሣች። ስም ከስም ይገጥም ይሆናል ብላ ተጠራጥራም ነበር። በገባችበት ቀን ግን፣ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ እየነደደ ካለ የሣር ክዳን ፊት ለፊት እጁን በወገቡ አድርጎ የቆመ ወጣት መኰንን ፎቶግራፍ አየች። ከሥሩም ቀኑና የስፍራው ስም ተጽፎ ነበር።

የልቧን ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረች፤ እንደ እርሷ በስደት ሮማ ለነበሩት ለንስሐ አባቷ ለአባ ባህታ። እሳቸውም መስቀላቸውን አንሥተው፣ "ደሙን የነካሽ እንደ ሆነ እኔ አባትሽ አይደለሁም፤ አንቺም ልጄ አይደለሽም" ብለው ገዘቷት። ግዝቱን ተቀበለች። ደም የሌለበት በቀል እስኪገኝ ድረስ ግን ከዚያ ቤት ላትወጣ ለራሷ ማለች።

ኮሎኔሉም ይህን ሳያውቅ ሌላ ማሰሪያ ነበረው። ባለቤቷን ግዛቸውን ደርግ በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት ከቤቱ ወስዶ አልመለሰውምና ወደ አገሯ መግባት አትችልም፤ የሮማ መኖሪያ ፈቃዷም በየዓመቱ የሚታደሰው በእርሱ ፊርማ ነው። ቅር ያለው ቀን፣ "ማርያ" ይላታል፤ ስሟን ለመጥራት አንድ ቀን እንኳ ሞክሮ አያውቅም። "ማርያ፣ ፔርሜሶሽ እኮ በኪሴ ነው። እኔ ካልፈረምሁ የደርግ ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው ይቀበሉሻል።"

ይህ ሰው የሚመካበት ነገር ቢኖር ከየዓለሙ ገዝቶም ዘርፎም የሰበሰበው ዕቃ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወድደው ሳሎኑ መካከል በመስተዋት ሣጥን የተቀመጠውን በዶቃ የተጠለፈ ቦርሳ ነው። ቦርሳው ትከሻን ተሻግሮ በጎን የሚንጠለጠል፣ ማንገቻው የእጅ መዳፍ ያህል የሚሰፋ፣ ቀይ የሱፍ ጨርቁ እስከማይታይ ድረስ ጥቃቅን ዶቃ የፈሰሰበት ነበር። የሠሩትም ሌናፔ የሚባሉ የአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች ናቸው። ኮሎኔሉ ቦርሳውን ለአንድ ሙዚየም በስጦታ ለማስረከብ ተስማምቷል። በምላሹ ስሙ በነሐስ ተቀርጾ ከመስተዋቱ በታች ይለጠፍለታል። ስለዚያ ነሐስ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልስ ነበር።

አሰለፈች ያን ሣጥን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልወለወለችም። ጨሌ ነዋ! እርሷ ባደገችበት አገር ጨሌ የሚያደርግ ባለዛር ነው፤ ክርስቲያን በእጁ አይነካውም። ሳሎን ስትጠርግ ሣጥኑን ከሩቅ ዞራ ታልፋለች። ኮሎኔሉም እንግዳ በመጣ ቁጥር "ማርያ፣ ነይ እስቲ ይህን ያዢልኝ" እያለ ስታማትብ አይቶ መሣቅ ይወድ ነበር።

በግንቦት ፲፱፻፸፮ ዓመተ ምሕረት የማንገቻው ዶቃ መርገፍ ጀመረ። ኮሎኔሉ የቦርሳውን ፎቶግራፍ ወደ አሜሪካ ልኮ ጠጋኝ ቢፈልግ፣ ከኦክላሆማ ቬልማ የምትባል ስድሳ ዓመት ያለፋት የሌናፔ ሴት መጣች። ከእንግሊዝኛ በቀር አትናገርም። አሰለፈች አዲስ አበባ ሳለች እንግሊዛውያን መምህራን ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ነበርና አስተርጓሚ ተደረገች።

ቬልማ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የመርፌና የዶቃ ቆርቆሮዎቿን ስትደረድር፣ አሰለፈች ደፉ ላይ ቆማ አማተበች።

"ለማን ነው የምትገብሪው?" አለቻት።

"ምን አልሽ?"

"ይህን ዶቃ የሚያስርብሽ መንፈስ ስሙ ማን ነው? ንገሪኝና ወደ ውስጥ አልግባ።"

ቬልማ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አየቻት። "እኔ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ" አለች። "እሑድ እሑድ ለምእመኑ ሁሉ ሾርባ የምቀቅለው እኔ ነኝ። ዶቃ የሚያሠራኝ መንፈስ ቢኖርማ ዓይኔን ባዳነልኝ ነበር። ይኸው መርፌ መሰካት አቅቶኛል፤ ነይ ስኪልኝ።"

አሰለፈች ሳትወድ ሣቀች። ደፉን ተሻግራም ክሩን በመርፌው ዓይን አሳለፈችላት።

በማግስቱ ኮሎኔሉ ትእዛዙን ሰጠ። ማንገቻው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። በደረት የሚወርደው ወገን በሰማያዊ መደብ ላይ የተጠማዘዘ ነጭ መስመር አለው፤ በጀርባ የሚወርደው ደግሞ በሮዝ መደብ ላይ ሰፋፊ ቅጠሎች። ሁለቱ የሚገናኙት ትከሻ ላይ ነው።

"ይህን እይልኝ" አለ ኮሎኔሉ በጣቱ እየደሰቀ። "አንድ ያልተማረ ሰው ግማሹን ሠርቶ ሲሰለቸው ሌላ የጀመረበት ነው። የፊተኛውን ንቀሉና እንደ ኋለኛው አድርጉት። ሙዚየም የሚገባ ነገር ግራና ቀኙ መመሳሰል አለበት። ዶቃው እንደ ሆነ የእኛው የቬኔዚያ ነው፤ ወደ አባቱ ቤት ነው የተመለሰው! ንገሪያት።"

አሰለፈች ነገረቻት። ቬልማ ፊቷን ወደ ኮሎኔሉ አድርጋ ፈገግ እንዳለች፣ ለአሰለፈች በዝግታ ተናገረች።

"ይህን ቦርሳ የሰፋችው የእናቴ አያት ናት። ባሏ በትከሻው አድርጎት የተነሣው ፎቶግራፍ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። እኛን ከካንሳስ ሲያስነሡን፣ የመንግሥት ወኪል የተባለው ሰው ከሠረገላ ላይ አውርዶ ወሰደባት። እኔ የመጣሁት ለመጠገን አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጄ ልይዘው ነው። ያ በፊት ያለው ወገን ድሮ የተነቀልንበት የወንዙ አገር ነው። የኋላው ካንሳስ ነው። እርሷ ሆን ብላ ነው የለያየቻቸው። አሁን ይህ ሰው የወንዙን አገር ንቀዪው ይለኛል።"

"ምን አለች?" አለ ኮሎኔሉ።

አሰለፈች ስምንት ዓመት የጠበቀችው ነገር በር ከፍቶ ሲገባ አየችው። ለኮሎኔሉ "እያሰበች ነው" አለችና ወደ ቬልማ ዞራ፣ "አዲስ መሥራት ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?" ብላ ጠየቀቻት።

"አዲስ? ሙሉውን? ብቻዬን ዓመት።"

"ከእኔ ጋርስ?"

"አንቺ ዶቃ ትፈሪ የለም እንዴ?"

"ጥልፍ አውቃለሁ። እናቴ የካህናት ካባ ትጠልፍ ነበር፤ አስተምራኛለች። ስንት ጊዜ?"

ቬልማ የአሰለፈችን እጆች አየቻቸው። "ቀን ሙሉ ከሠራን አራት ወር።"

"ሲኞር ኮሎኔሎ" አለች አሰለፈች አንገቷን ደፍታ፤ "እንዳሉት ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል ትላለች። እስከ መስከረም ግን ጊዜ ያስፈልጋታል። ከቬኔዚያም ዶቃ ይምጣ ትላለች፤ ብዙ ዶቃ። ማዘዣውን እርስዎ በእጅዎ ቢጽፉት ጥሩውን ይልካሉ።"

"ቫ ቤኔ!" አለ ኮሎኔሉ። ደስ ብሎት ወዲያው ብዕሩን አወጣ።

በሰኔ ኮሎኔሉ እንደ ልማዱ ከእኅቱ ጋር ባሕር ሊታጠብ ወደ ኦስቲያ ወረደ። ቤቱን ለአሰለፈች ሲተውላት፣ "ቦርሳውን ላንቺ አደራ ማለት አያሠጋኝም፤ አትነኪውም" ብሎ ስቆባት ነው። ሁለቱ ሴቶች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብተው መስኮቱን ከፈቱ። ከፖርታ ፖርቴሴ የእሑድ ገበያ አንድ ያረጀ የወታደር ካባ ገዙ፤ ቀዩን የሱፍ ገበር አውጥተው በሻይ ነክረው አደበዘዙት። ቬልማ በአንድ መርፌ ዶቃውን ትደረድራለች፤ በሌላ መርፌ ከየሁለት ዶቃው በኋላ ክሩን ከጨርቁ ጋር ትቸነክራለች። አሰለፈች መጀመሪያ እንደ ጥልፍ ክር አጥብቃ ስለ ሳበችው ጨርቁ ተጨማደደ።

"ፍቺው" አለቻት ቬልማ።

"የሦስት ቀን ሥራ እኮ ነው፣ እትዬ!"

"ፍቺው። ሐሰተኛም ቢሆን በእኔ እጅ የወጣ ሐሰተኛ ነው።"

ፈታችው። እትዬ የሚለውንም ቃል ቬልማ ትርጓሜውን ጠይቃ ወደደችው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልተጠራችም።

በሥራው መካከል ቬልማ ስለ ሕዝቧ ትነግራት ነበር። አባቶቿ ከታላቁ ውቅያኖስ አጠገብ ባለ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች አንድ አሮጌ ወረቀት አምጥተው፣ "ሰው በአንድ ቀን ተኩል ተራምዶ የሚደርስበትን ያህል መሬት ሸጣችሁልናል" አሏቸው። ይሁን ቢሉ፣ ጫካው አስቀድሞ ተመንጥሮ፣ መንገዱ ተጠርጎ፣ የተመረጡ ሯጮች ተለቀቁ።

"ሮጡ?" አለች አሰለፈች።

"ሮጡ። የእኛ ሰዎች ከኋላ ሆነው 'ተራመዱ እንጂ አትሩጡ' እያሉ ጮኹ። ማን ሰምቷቸው! ከዚያ ወዲያ አገር ለመድን ስንል ተነሡ ነው። ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስ፣ በመጨረሻ ኦክላሆማ። በየቦታው ወረቀት ያስፈርሙናል፤ ወረቀቱም ለዘለዓለም ይላል።"

አንድ ቀን ደግሞ፣ መርፌዋን ሳታቆም፣ በኦሃዮ ስለ ነበሩ ክርስቲያን ሌናፔዎች ነገረቻት። ጦር መሣሪያ የማይዙ ነበሩ። የመጡባቸው ሰዎች በሁለት ቤት ዘጉባቸውና እንደሚገድሏቸው አስታወቋቸው። ለጸሎት ጊዜ ለምነው እስኪነጋ እየዘመሩ ቆዩ። በማለዳው ዘጠና ስድስቱን፣ ሴቱንም ሕፃኑንም፣ በመዶሻ ገደሏቸው፤ ቤቶቹንም በላያቸው አቃጠሉ።

አሰለፈችን መርፌዋ ጣቷን ወጋት። ደሙን በቀሚሷ ጠረገችና፣ "ገዳዮቹስ ምን ሆኑ?" አለች።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ወደ እርሻቸው ተመለሱ።"

ያን ጊዜ አሰለፈች ለቬልማ ስለ ቀጨማ ጊዮርጊስ ነገረቻት። ወደ መተላለፊያውም ወስዳ ፎቶግራፉን አሳየቻት። ቬልማ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። በመጨረሻ፣ "የአንቺ ሰው ግን በሕይወት አለ" አለች።

"አለ። ስለዚህ ነው የጠበቅሁት።"

"ለእኔ ቦርሳው ይበቃኛል። ይዤው አገሬ ልግባ እንጂ ይህ ሰው ባያውቅ ግድ የለኝም።"

"እኔ ግን አይበቃኝም" አለች አሰለፈች። "ማወቅ አለበት። ማን እንዳደረገበት፣ ለምን እንዳደረገበት፣ በፊቱ ቆሜ ልነግረው ነው።"

"እኔ አገሬ ሳልገባ እንዳትነግሪው። አፍሽን ከከፈትሽ እኔን አውሮፕላን ማረፊያ ይይዙኛል፤ ቦርሳውንም ሁለተኛ አላየውም። አንቺንም ደርግ ይረከብሻል።"

"ዝም እላለሁ። ስምንት ዓመት ዝም ብያለሁ።"

በነሐሴ በደብረ ታቦር ዕለት፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ የውጭው በር ቁልፍ ዞረ። ኮሎኔሉ ሳያሳውቅ ከኦስቲያ በባቡር መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቦርሳ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። ቬልማ ደርቃ ቀረች። አሰለፈች ዋናውን ብድግ አድርጋ ማንገቻውን በአንገቷ አስገባችና፣ ነጠላዋን ከበሩ ኋላ መንጥቃ እስከ ጉልበቷ ተከናነበች። ኮሎኔሉም በዚያው ቅጽበት ገባ።

"ወዴት ነው?"

"ቤተ ክርስቲያን፣ ሲኞር ኮሎኔሎ። ዛሬ ደብረ ታቦር ነው።"

"እናንተ ደግሞ በዓላችሁ አያልቅም!" አለና ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። አዲሱ ማንገቻ በግራም በቀኝም ሮዝ ሆኖ፣ በግራም በቀኝም ቅጠል ሆኖ ተዘርግቷል። ኮሎኔሉ በመዳፉ ደባበሰው። "ብራቫ! አሁን ገና ሰው የሠራው መሰለ። ማርያ፣ ከመሄድሽ በፊት ነይ፣ ንኪው እስቲ!"

አሰለፈች ወደ ኋላ አፈገፈገችና አማተበች። ኮሎኔሉ ከልቡ ሣቀ። እርሷም ሣቁን በጀርባዋ ትታ፣ የሌናፔን ዕቃ በጎኗ ተሸክማ፣ በደረጃው ወረደች። ዶቃው በየእርምጃው ጭኗን ይመታታል፤ ክብደቱ ሕፃን እንደ ማዘል ነበር። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮሎኔሉ ወደ ባቡሩ እስኪመለስ ጠበቀች። ጨሌ ስትሸሽ የኖረች ሴት በነጠላዋ ሥር እጇን ሰድዳ ያን የተጠማዘዘ ነጭ መስመር በጣቷ ተከተለችው። ወንዝ መሆኑንም ያን ጊዜ ለየችው።

ቬልማ በመስከረም ሄደች። ቦርሳውን እንደ አሰለፈች አድርጋ ከካፖርቷ ሥር አነገተችው። ለስንብት ሲሳሳሙ፣ "እትዬ፣ አደራሽን" አለቻት ቬልማ፤ እትዬ የሚባለው ለታላቅ መሆኑን ረስታ። ኮሎኔሉ ሐሰተኛውን በሣጥኑ አስገብቶ ለወዳጆቹ ሁሉ ያሳይ ጀመር። ጥቅምት ሙሉ አሰለፈች ምላሷን ነክሳ ከረመች። ቬልማ በሰላም መግባቷን የሚገልጽ ፖስታ ካርድ በወሩ አጋማሽ ደርሷታል፤ ስለዚህ የምትፈራው አልነበረም። የጠበቀችው ነሐሱን ነው።

ኅዳር በገባ በዐሥረኛው ቀን ቦርሳው ሙዚየም ገብቶ ነሐሱ ተለጠፈ። ኮሎኔሉ በሹማምንትና በእንግዶች ፊት፣ ቦርሳው እውነተኛ የሌናፔ ሥራ መሆኑን፣ ሠላሳ ዓመት በቤቱ እንደ ኖረና ማንም እጅ እንዳላስገባበት የሚያረጋግጥ ወረቀት ፈረመ። አሰለፈች ካፖርቱን ይዛ ከአዳራሹ ጥግ ቆማ ነበር። ብዕሩ ወረቀቱን ለቅቆ ሲነሣ ትንፋሿን ለቀቀች።

በማግስቱ ጧት ካፌ ላቴውን ካቀረበችለት በኋላ አልወጣችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በስምንት ዓመት ውስጥ በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጣ አታውቅም።

"ምን ሆነሻል?" አለ ኮሎኔሉ።

"የምነግርዎት አለኝ። ያ ቦርሳ ሐሰተኛ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እኔና ቬልማ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰፋነው። ዋናው ኦክላሆማ ገብቷል፤ በሰፋችው ሴት የልጅ ልጅ ልጅ እጅ ነው።"

ኮሎኔሉ መጀመሪያ ሣቀ። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ሣቁም ከአፉ ሳይወርድ ደረቀ። "ፖሊስ!" ብሎ ተነሣ። "ዛሬውኑ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዚህ አገር ትወጫለሽ!"

"ይጥሩ። ለፖሊሱ የሚሉትን ግን አስቀድመው ያስቡበት። ከቬኔዚያ ያን ሁሉ ዶቃ ያዘዘው ማን ነው? በእጅዎ የጻፉት ማዘዣ እዚያ አለ። ማንም አልነካውም ብሎ ትናንት የፈረመው ማን ነው? የሙዚየሙ ሰዎች ኮሎኔሉ ዋናውን በስውር ሸጦ ለእኛ አስመስሎ አሠርቶ ሰጠን ነው የሚሉት። አንዲት ሐበሻ ሠራተኛ አታለለችኝ ቢሉ የሚያምንዎት የለም። ዶቃ አትነካም ብለው ለሮማ ሰው ሁሉ ሲያስቁብኝ የኖሩት እርስዎ ነዎት።"

ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ደግሞ ይህን ይወቁ" አለች አሰለፈች። "ሌናፔዎች የማንገቻውን ግራና ቀኝ አንድ አያደርጉትም። አዋቂ ሰው ገና ከበሩ ሲያየው ሐሰተኛነቱን ይለየዋል። ዛሬ ይመጣል፤ ነገ ይመጣል፤ አላውቅም። ስምዎ ግን በነሐስ ከሥሩ አለ።"

"ለምን?" አለ። "ቤቴ አኑሬሻለሁ። ፈርሜልሻለሁ። ምን አድርጌሽ ነው?"

አሰለፈች ተነሥታ ከመተላለፊያው ፎቶግራፉን አውርዳ ከስኒው አጠገብ አኖረችው። "እኔ የመሪጌታ ሀብተሚካኤል ልጅ ነኝ። ከዚህ ክዳን ሥር ቆልፈውበት ሲጮህ የነበረው አባቴ ነው። እናቴ ስምዎን በሰባት ዓመቴ አስጠናችኝ። ወደዚህ ቤት የገባሁት እርስዎን ፈልጌ ነው።"

ኮሎኔሉ ፎቶግራፉን አላየውም። እርሷን ነበር የሚያየው። ስምንት ዓመት በየቀኑ የበላውን ምሳ አንድ በአንድ የሚያስታውስ ይመስል ነበር።

እሑድ ለአባ ባህታ ሁሉን ተናዘዘች።

"ደሙን አልነካሽም?" አሏት።

"አልነካሁም፣ አባ።"

"ዕቃው ለባለቤቱ ተመልሷል። ስለ ሐሰቱ ቀኖና እሰጥሻለሁ። በቀሉስ፣ ደስ ብሎሻል?"

"እጅግ።"

"እንግዲህ ስለ ደስታው መቶ ስግደት ጨምሪበት።"

"ሁለት መቶ ያድርጉልኝ አባ፤ ገና አላለቀም" አለች። አባ ባህታ መስቀላቸውን አፏ ላይ አኑረው፣ ፊታቸውን አዞሩ፤ ስቀው ይሁን አዝነው አልታወቃትም።

ኮሎኔሉ ሊያባርራት አልቻለም፤ ብትወጣ ታወራለች ብሎ ይፈራል። ፔርሜሶዋንም ሳትጠይቀው አስቀድሞ ፈረመላት። ሌላ ፍርሃት ግን አደረበት። የምታቀርብለትን ምግብ አይቶ አይነካም፤ ማንኪያውን ይዘረጋላትና፣ "ቅመሺ" ይላታል። ትቀምሳለች። ጥቂት ጠብቆ፣ ቆማ መኖሯን አይቶ፣ ይበላል። እንዲህ አድርገው አራት ቀን ዋሉ።

በኅዳር ዐሥራ አምስት የሥጋ መረቁን አቀረበችለት። ማንኪያውን ዘረጋላት። እጇን አጣምራ ቆመች።

"ዛሬ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ሲኞር ኮሎኔሎ። የሥጋ መረቅ አልቀምስም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ገና።"

በጣቱ ቆጠረ። "አንድ ወር!"

"የእኛ ገና ከእናንተ ገና በዐሥራ ሦስት ቀን ይዘገያል" አለች። "ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ነነዌ ሦስት ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ኀምሳ አምስት ቀን ነው። ከዚያም የሐዋርያት፤ ከዚያም ፍልሰታ።"

ኮሎኔሉ መረቁን አየው። ጠረኑ ይጠራዋል፤ ቅባቱ ከላይ መርጋት ጀምሯል። ከኪሱ ቅቅል እንቁላል አውጥቶ፣ ዛጎሉ በማንም እጅ እንዳልተሰነጠቀ አገላብጦ መረመረና መላጥ ጀመረ። ሲልጥ ዓይኑን ከእርሷ ላይ አላነሣም።

አሰለፈች እንቁላሉን በልቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት ቆመች። ከዚያም ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ጥሩ ሠራተኛ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ላንሣው?" አለችው።